የስታርች መፈጨትን በላቦራቶሪ አስመስሎ የደም ስኳር ምላሽን መገመት፦ ደረጃ በደረጃ

«ሰው ሳላስጾም፣ ደም ሳልቀዳ፣ አንድ ምግብ የደም ስኳርን ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርግ በላቦራቶሪ ማወቅ እችላለሁ?» ይህ ጥያቄ ከምግብ ሳይንስ ተማሪዎችና አዲስ ምርት ከሚሞክሩ ባለሙያዎች በየጊዜው ይደርሰኛል። መልሴ አንድ ነው፦ መገመት ይችላሉ፤ ግምትዎ የሚታመነው ግን ምግቡን ከማነጻጸሪያ ዳቦ ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ገንዳ፣ በአንድ ኢንዛይም ጎን ለጎን ሲፈትኑ ብቻ ነው። ብቻውን የተፈተነ ምግብ የሚሰጠው ቁጥር ስለ ኢንዛይሙ እንጂ ስለ ምግቡ ብዙም አይናገርም።

አሠራሩ የተመሠረተው ተመራማሪዎቹ እነ ጎኚ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ዘዴ ላይ ነው። ምግቡ በመጀመሪያ በአሲድና በፔፕሲን (ፕሮቲንን በሚቆርጥ የጨጓራ ኢንዛይም)፣ ቀጥሎ በቆሽት አሚሌዝ (ስታርችን በሚቆርጥ ኢንዛይም) ይታከማል፤ በየ30 ደቂቃው ናሙና እየተወሰደ ምን ያህል ስታርች (ከግሉኮስ ሰንሰለት የተሠራ የምግብ ካርቦሃይድሬት) እንደተሰባበረ ይለካል። ለአያያዝ እንዲመች መጠኖቹን በአራት አባዝቻለሁ፤ ኢንዛይሙ የሚቆምበትን መንገድም ቀይሬያለሁ፤ ምክንያቱን በቦታው እገልጻለሁ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ሙቀቱን ሳያዛንፍ የሚይዝና የሚወዛወዝ የውኃ ገንዳ፤ ለ60 ዲግሪ ሁለተኛ ገንዳ ቢኖር ሥራው ይፈጥናል
- 250 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ባለ ክዳን ብልቃጦች፣ ለእያንዳንዱ ናሙና ሦስት
- ፒኤች መለኪያ፣ ትክክለኛ ሚዛን፣ ፒፔቶች፣ ሴንትሪፊዩጅ
- በ510 ናኖ ሜትር የሚያነብ ስፔክትሮፎቶሜትር
- 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ወንፊት
- የሃይድሮክሎሪክ አሲድና የፖታሲየም ክሎራይድ በፈር (የአሲድነት መጠኑን፣ ማለትም ፒኤቹን፣ ሳይለዋወጥ የሚይዝ ውሕድ)፣ ፒኤች 1.5
- የትሪስ ማሌት በፈር፣ ፒኤች 6.9፣ ጥቂት ካልሲየም ክሎራይድ የተጨመረበት
- የሶዲየም አሲቴት በፈር፣ 0.4 ሞላር፣ ፒኤች 4.75
- 99 በመቶ ኤታኖል፣ እንዲሁም ለብቻው የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውሕድ
- ፔፕሲን፣ የአሳማ ቆሽት አልፋ አሚሌዝ፣ አሚሎግሉኮሲዴዝ
- በግሉኮስ ኦክሲዴዝና በፐርኦክሲዴዝ የሚሠራ የግሉኮስ መለኪያ ኪት፣ ከንጹሕ ግሉኮስ ጋር
- ማነጻጸሪያ የሚሆን ነጭ የስንዴ ዳቦ

ካልሲየሙን አይርሱ። የቆሽት አሚሌዝ ቅርጹን ይዞ የሚሠራው በካልሲየም ነው። በትሪስ ምትክ የፎስፌት በፈር የሚጠቀሙ ሰዎች የሚገጥማቸው ችግርም ከዚህ ይመነጫል፤ ፎስፌት ካልሲየሙን ይዞ ይዘቅጣል፣ ኢንዛይሙም እየደከመ ይሄዳል።

ከመጀመርዎ በፊት ሊጠነቀቁት የሚገባ

የኢንዛይም ዱቄት ወደ ሳንባ ሲገባ አለርጂ ያስከትላል፤ በተለይ በተደጋጋሚ ለሚነካው ሰው አደገኛ ነው። ሲመዝኑ ጭምብልና ጓንት ያድርጉ፣ ዱቄቱን አያቡንኑ። ኤታኖል በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ከእሳትና ከጋለ ምድጃ ያርቁት። አሲዱን ወደ ውኃ ይጨምሩ፤ ውኃን ወደ አሲድ በፍጹም አይጨምሩ። ላቦራቶሪ የገባ ምግብ አይቀመስም።

ከሁሉም በላይ፦ በዚህ መንገድ የተገኘ ቁጥር ለስኳር ሕመምተኛ የኢንሱሊን መጠን መወሰኛ ሊሆን አይችልም። ማንም እንዲጠቀምበት አይስጡ።

አሠራሩ

1. የምግቡን የስታርች መጠን አስቀድመው ይወቁ። በጠቅላላ ስታርች መለኪያ ኪት ይለኩት፤ የሚለኩትም እርጥበቱን እንደያዘ፣ በሚበላበት ሁኔታ ይሁን። ይህ ደረጃ የሚያስፈልገው ለሁሉም ብልቃጥ እኩል ስታርች መስጠት ስላለብን ነው። እኩል ምግብ ቢመዝኑ፣ ስታርቹ ያነሰው ምግብ ብዙ ኢንዛይም ስለሚደርሰው በፍጥነት የሚፈጭ ይመስላል። ለእያንዳንዱ ብልቃጥ 200 ሚሊግራም ስታርች እንፈልጋለን። ለምሳሌ በ100 ግራም ውስጥ 45 ግራም ስታርች ያለው ዳቦ ከሆነ 444 ሚሊግራም ይመዝናሉ።

2. ምግቡን ሰው በሚበላው መልክ ያዘጋጁ። የሚቀቀል ከሆነ ይቀቅሉት፤ በትኩሱ የሚበላ ከሆነ በትኩሱ፣ ቀዝቅዞ የሚበላ ከሆነም ቀዝቅዞ ይፈተን። ከተቀቀለ በኋላ የቀዘቀዘ ስታርች ሞለኪውሎቹ እንደገና ተደራጅተው ለኢንዛይም አስቸጋሪ ይሆናሉ። ስለዚህ ዛሬ የተቀቀለ ሩዝና በማቀዝቀዣ ያደረ ሩዝ በዚህ ሙከራ ሁለት የተለያዩ ምግቦች ናቸው። ከማብሰል እስከ መመዘን ያለውን ጊዜ ወስነው ለሁሉም አንድ ዓይነት ያድርጉት፤ በማስታወሻዎም ይጻፉት።

3. ማኘክን የሚተካውን ሥራ ይሥሩ። ምግቡን በማንኪያ ጀርባ እየጫኑ በ2 ሚሊ ሜትሩ ወንፊት ያሳልፉት። በዚህ ደረጃ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሙከራ የሚበላሸው እዚህ ነውና። ምግቡን አድርቆ በወፍጮ ማላም ሥራን ያቀላል፣ ናሙናውንም ወጥ ያደርገዋል፤ ግን ሊለኩት የመጡትን ነገር ያጠፋዋል። ባቄላን ወይም ምስርን ያስቡ። ስታርቹ በእያንዳንዱ ሕዋስ ግድግዳ ውስጥ ተዘግቶ ተቀምጧል፤ ሲቀቀል ሕዋሶቹ እርስ በርስ ይላቀቃሉ እንጂ አብዛኞቹ አይፈነዱም። ጥራጥሬ የደም ስኳርን ቀስ ብሎ ከፍ ከሚያደርግባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ይህ ግድግዳ ነው። በፈጣን መፍጫ ያላሙት እንደሆነ ግድግዳው ይቀደዳል፤ ምስሩም እንደ ዳቦ ፈጥኖ የሚፈጭ ሆኖ ይገኛል። ከተጠራጠሩ በወንፊቱ ካለፈው ላይ ጥቂቱን ወስደው በአዮዲን ያቅልሙና በማይክሮስኮፕ ይመልከቱ። ሰማያዊው ቀለም በክብ ሕዋሶች ውስጥ ታጥሮ ከታየ አዘገጃጀትዎ ጥሩ ነው፤ በሙሉ ሜዳው ላይ ፈሶ ከታየ ምግቡን ከመጠን በላይ ሰባብረውታል።

4. የጨጓራውን ደረጃ ያካሂዱ። የተመዘነውን ምግብ በብልቃጥ አድርገው 40 ሚሊ ሊትር ፒኤች 1.5 የሆነ በፈር ይጨምሩ። 1 ግራም ፔፕሲን በ10 ሚሊ ሊትር በዚያው በፈር ያሟሙና ከእሱ 0.8 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ። በ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እያወዛወዙ ለ60 ደቂቃ ያቆዩት። ስታርች የሚፈጨው በአንጀት ከሆነ ፔፕሲን ምን ያደርጋል ይሉ ይሆናል። በዳቦና በፓስታ ውስጥ ስታርቹ በፕሮቲን መረብ ተይዟል፤ መረቡ ካልተቆረጠ አሚሌዝ ወደ ስታርቹ በደንብ አይደርስም። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ፓስታው ከእውነቱ ይበልጥ የዘገየ ይሆንበታል።

5. የአሲዱን ኃይል ያጥፉ። በትሪስ ማሌት በፈር መጠኑን ወደ 100 ሚሊ ሊትር ያድርሱ፤ ከዚያ ፒኤቹን ይለኩና በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ወደ 6.9 ያምጡት። «በፈሩ ራሱ ያስተካክለዋል» ብለው አይለፉት፤ ከጨጓራው ደረጃ የመጣው አሲድ ከበፈሩ አቅም በላይ ሊሆን ይችላል፣ አሚሌዝ ደግሞ በአሲድ ውስጥ አይሠራም። ሌላው ነገር ሙቀት ነው፦ ትሪስ ሲሞቅ ፒኤቹ ይወርዳል። በክፍል ሙቀት 6.9 ያደረጉት በፈር በ37 ዲግሪ 6.9 አይሆንም። ስለዚህ ገንዳውን ከ40 ወደ 37 ዲግሪ ያውርዱ፤ ፒኤቹን የሚያስተካክሉትም ብልቃጡ በዚያው ሙቀት ከሆነ በኋላ ይሁን።

6. ዜሮ ሰዓትን ይያዙ። አሚሌዙን ከመጨመርዎ በፊት ከእያንዳንዱ ብልቃጥ 1 ሚሊ ሊትር ይውሰዱ። ይህ ናሙና ምግቡ ራሱ ይዞት የመጣውን ነጻ ግሉኮስ ያሳያል፤ ከሁሉም ንባብ ላይ የሚቀነሰው እሱ ነው፤ የተወሰደው ግን መጠኑ ገና 100 ሚሊ ሊትር ሳለ ስለሆነ ከመቀነስዎ በፊት በ100 አባዝተው ለ120 ያካፍሉት። ምግብ የሌለበት፣ ኢንዛይም ብቻ ያለበት አንድ ባዶ ብልቃጥም አብሮ ይሂድ፤ የኢንዛይም ዝግጅቶች ራሳቸው ስኳር ሊይዙ ይችላሉ።

7. አሚሌዙን ይጨምሩና ሰዓት ይያዙ። በ20 ሚሊ ሊትር ትሪስ ማሌት በፈር ውስጥ 10.4 ዩኒት አሚሌዝ እንዲኖር አድርገው አዘጋጅተው፣ ቀድመው በ37 ዲግሪ አሙቀው ይጨምሩ። አሁን ጠቅላላው 120 ሚሊ ሊትር ሆኗል። የኢንዛይሙ ውሕድ በዕለቱ የተዘጋጀ፣ እስከሚሞቅ ድረስም በበረዶ ላይ የቆየ ይሁን። ብልቃጦቹን በአንድ ጊዜ አይጀምሩ፤ በሁለት ደቂቃ ልዩነት ተራ በተራ ቢያስጀምሯቸው ናሙና ሲወስዱም እጅዎ ይደርሳል።

8. በ30፣ 60፣ 90፣ 120፣ 150 እና 180 ደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ናሙና ይውሰዱ። የፒፔቱን ጫፍ በመቀስ ቆርጠው ቀዳዳውን ያስፉት፤ አለበለዚያ ፈሳሹ ብቻ ይገባና ፍርፋሪው ብልቃጡ ውስጥ ይቀራል። ብልቃጡ እየተወዛወዘ፣ ፍርፋሪው ሳይዘቅጥ ይቅዱ። ናሙናው ምግቡንና ኢንዛይሙን በእኩል ይዞ ከወጣ በብልቃጡ የቀረው መጠናቸው አይዛባም፤ ስለዚህ በስሌት ጊዜ የተቀዳውን ፈሳሽ «ለማካካስ» ምንም ማስተካከያ አያስፈልግም። ሁልጊዜ 120 ሚሊ ሊትር ብለው ያስሉ።

9. ኢንዛይሙን ወዲያው ያስቁሙት። ናሙናውን 1 ሚሊ ሊትር በረዶ ላይ የቆየ ኤታኖል ወዳለበት ቱቦ ይጨምሩና በኃይል ይነቅንቁት። ቀጥለው ከመሬት ስበት 1,500 እጥፍ በሆነ ኃይል ለ10 ደቂቃ በሴንትሪፊዩጅ ያሽከርክሩትና ከላይ የጠራውን ይያዙ። በመነሻው ዘዴ ኢንዛይሙ የሚቆመው በፈላ ውኃ ነበር። እኔ የቀየርኩት ማፍላት ያልተፈጨውን ፍርፋሪ አብስሎ ስለሚያላላው ነው፤ በቀጣዩ ደረጃ የሚገባው አሚሎግሉኮሲዴዝ ያንን የላላ ስታርች ይቆርጠዋል፣ ያልተፈጨውም እንደተፈጨ ሆኖ ይቆጠራል። ኤታኖሉ ኢንዛይሙን ሲያስቆም ፍርፋሪውን ደግሞ ወደ ታች ያወርደዋል።

10. ሁሉንም ወደ ግሉኮስ ይቀይሩ። አሚሌዝ ስታርችን የሚቆርጠው ወደ ማልቶስና ወደ አጫጭር ሰንሰለቶች ነው፤ ኪቱ ደግሞ የሚያየው ግሉኮስን ብቻ ነው። በሰውነት ውስጥ ይህን የመጨረሻ ሥራ የሚሠሩት በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ያሉ ኢንዛይሞች ናቸው፤ እዚህ አሚሎግሉኮሲዴዝ ይተካቸዋል። ከጠራው ፈሳሽ 0.5 ሚሊ ሊትር ወስደው ከ2 ሚሊ ሊትር አሲቴት በፈርና ከ30 ማይክሮ ሊትር አሚሎግሉኮሲዴዝ ጋር ቀላቅለው በ60 ዲግሪ ለ45 ደቂቃ ያቆዩት። በፈሩ ኤታኖሉን ስለሚያቀጥነው ኢንዛይሙ ሥራውን ይሠራል።

11. ግሉኮሱን ይለኩ። ከዚህ 0.5 ሚሊ ሊትር ከ3 ሚሊ ሊትር የኪቱ ውሕድ ጋር ቀላቅለው ኪቱ በሚያዘው ሙቀትና ጊዜ ካቆዩ በኋላ በ510 ናኖ ሜትር ያንብቡ። መጠናቸው የታወቀ የግሉኮስ ማነጻጸሪያ ውሕዶችዎ ከ0 እስከ 0.2 ሚሊግራም በሚሊ ሊትር ይሁኑ፤ እነሱም በዚያው በ0.5 ሚሊ ሊትር መጠን ይግቡ። ቫይታሚን ሲ የበዛበት ምግብ ከሆነ ቀለሙን ሊያደበዝዝ ይችላል። በአንድ ቱቦ ላይ የሚታወቅ ግሉኮስ ጨምረው ሙሉው ተመልሶ መነበቡን ያረጋግጡ።

12. ወደ መቶኛ ይቀይሩ። የባዶው ብልቃጥና የዜሮ ሰዓቱ ንባብ ከተቀነሰ በኋላ የቀረውን የግሉኮስ መጠን በ5.06፣ በ2፣ በ120 እና በ0.9 ያባዙ። 5.06 የአሚሎግሉኮሲዴዙ ደረጃ፣ 2 የኤታኖሉ ማቅጠኛ ነው። 0.9 የሚገባው ስታርች ሲሰበር እያንዳንዱ ግሉኮስ አንድ ውኃ ስለሚጨምር ነው፤ የግሉኮስ ሞለኪውል ክብደት 180 ሲሆን በስታርች ሰንሰለት ውስጥ ያለው ግን 162 ነው። ንባቡ 0.10 ሚሊግራም በሚሊ ሊትር ቢሆን ውጤቱ 109 ሚሊግራም ስታርች፣ ማለትም ከ200ው 55 በመቶ ገደማ ይሆናል።

13. መቶኛዎቹን በጊዜ ላይ ሲነድፉ ከሚወጣው መስመር ሥር ያለውን ስፋት ያስሉ። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን መቶኛ ደምረው ለሁለት ያካፍሉ፣ በመሐል ያሉትን ሁሉ ይደምሩበት፣ ድምሩን በ30 ያባዙ። ለማሳያ ያህል፣ የምግቡ መቶኛዎች 0፣ 20፣ 32፣ 40፣ 46፣ 50፣ 53 ቢሆኑ ስፋቱ 6,435 ነው። የዳቦው 0፣ 38፣ 52፣ 60፣ 65፣ 68፣ 70 ቢሆኑ 9,540 ነው። የምግቡን ለዳቦው አካፍለው በ100 ሲያባዙ 67.5 ያገኛሉ። ይህ የመሰባበር ኢንዴክስ ይባላል።

14. ወደ ግላይሴሚክ ኢንዴክስ (አንድ ምግብ ከማነጻጸሪያ ምግብ አንጻር የደም ስኳርን ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርግ የሚያሳይ ቁጥር) ግምት ይሂዱ። ቀመሩ 39.71 ሲደመር 0.549 በመሰባበር ኢንዴክሱ ተባዝቶ ነው። በምሳሌያችን 76.7 ይሆናል።

76.7 ሲያገኙ «ከፍተኛ ነው» ከማለትዎ በፊት

የተለመደው አከፋፈል 55 እና ከዚያ በታች ዝቅተኛ፣ ከ56 እስከ 69 መካከለኛ፣ 70 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ የሚለው ነው። ይህ አከፋፈል የተሠራው ግሉኮስ 100 ተብሎ በተወሰደበት መለኪያ ላይ ነው። የእኛ ቀመር የቆመው ግን በነጭ ዳቦ ላይ ነው። ከዳቦ ወደ ግሉኮስ ለመሻገር በ0.7 ማባዛት የተለመደ ነው፤ 76.7 በዚህ መንገድ 54 ገደማ ይሆናል። ከፍተኛ የመሰለው ምግብ ወደ ዝቅተኛው ጠርዝ መጣ ማለት ነው። በየትኛው መለኪያ እንደሚናገሩ ሳይገልጹ ቁጥር አይጻፉ፤ አንባቢዎን ከዚህ በላይ የሚያሳስት ነገር የለም።

ሌላም አለ። በቀመሩ ውስጥ 39.71 ሁልጊዜ ይደመራል። አንዲት ቅንጣት ስታርች ያልተፈጨበት ምግብ እንኳ 39.71 ያገኛል። ስለዚህ ስታርቹ በጣም ትንሽ ለሆነ ምግብ ይህን ቀመር አይጠቀሙ። ፍራፍሬና ጣፋጭ መጠጥም እዚህ አይገቡም፤ ፍሩክቶስ የደም ግሉኮስን የሚጨምረው በጥቂቱ ነው፣ አሚሎግሉኮሲዴዝም ተራውን ስኳር አይቆርጥም። ቅባት የበዛበትና ኮምጣጤ የገባበት ምግብ ላይም ግምቱ ይዛባል፤ ሁለቱም የጨጓራን መፍሰስ ያዘገያሉ፣ ብልቃጥ ደግሞ ይህን አያውቅም።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

ኢንዛይም ማብዛት የመጀመሪያው ነው። የኢንዛይም ዩኒት ትርጉም ከአምራች አምራች ይለያያል፤ የተለካበት ሙቀትና ስታርች አንድ አይደለምና። ዕቃው ላይ በተጻፈው ቁጥር ብቻ አይተማመኑ። ምግቡን ከመፈተንዎ በፊት ዳቦውን ብቻውን ያስኪዱና መስመሩን ይመልከቱ። በ30 ደቂቃ ጣሪያው ደርሶ ከዚያ ተጋድሞ ከቀረ ኢንዛይሙ በዝቷል፤ እንዲህ ባለ ሙከራ ሁሉም ምግብ አንድ ዓይነት ሆኖ ይታያል። መስመሩ እስከ 180 ደቂቃ ቀጥ ብሎ እየወጣ ከሄደም አንሷል። የሚፈለገው በመጀመሪያው ሰዓት ቶሎ የሚወጣ፣ ከዚያ እየተለዘበ የሚሄድ መስመር ነው። ይህን የሚሰጥዎትን መጠን አንዴ ካገኙ ለሁሉም ናሙና ያንኑ ይጠቀሙ፤ አዲስ የኢንዛይም ጠርሙስ በከፈቱ ቁጥር ደግሞ እንደገና ይፈትሹ።

ግሉኮስን ለይቶ በማያይ ዘዴ መለካትም ብዙ ጊዜ ይታያል። በዳይናይትሮሳሊሲሊክ አሲድ የሚሠራው ፈተና ርካሽና ቀላል ነው፤ የሚያነበው ግን ለሌላ ንጥረ ነገር ኤሌክትሮን የመስጠት ጠባይ ያለውን ስኳር ሁሉ ነው። ማልቶስና ግሉኮስ ተደበላልቀው ይነበባሉ፤ ድብልቁ በየደቂቃው ስለሚለዋወጥም በአንድ ቁጥር ማስተካከል አይቻልም።

የትናንት ዳቦን ለዛሬ ማነጻጸሪያ ማድረግ ሌላው ነው። ዳቦ ሲያድር ስታርቹ ይለወጣል፤ ማነጻጸሪያው ከዘገየ ሌላው ምግብ ሁሉ ፈጣን ይመስላል። አንድ ዓይነት አሠራር ያለው ዳቦ ይምረጡ፣ ከተጋገረ በኋላ በተወሰነ ሰዓት ይጠቀሙበት፣ ቅርፊቱን ያስወግዱ።

ሦስት ብልቃጥ በአንድ ቀን አስኪዶ «ሦስት ጊዜ ደገምኩ» ማለትም ትክክል አይደለም። በአንድ ቀን የተሠሩት አንድ በፈርና አንድ ኢንዛይም ይጋራሉ፤ በእነሱ ላይ ያለው ስሕተት በሦስቱም ላይ አለ። ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ ከአዲስ ምግብና ከአዲስ ውሕድ ይጀምሩ። እኔ የዳቦው ስፋት ከቀን ቀን ከ10 በመቶ በላይ ሲለያይ የዚያን ቀን ሥራ አልቀበልም።

ውጤቱን ሲጽፉ

የመሰባበር ኢንዴክሱን፣ የተገመተውን ግላይሴሚክ ኢንዴክስና መለኪያውን አብረው ይጻፉ። ምግቡ እንዴት እንደበሰለ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደቀዘቀዘ፣ በስንት ሚሊ ሜትር ወንፊት እንዳለፈ፣ ኢንዛይሙ በምን እንደቆመ ያስፍሩ። «የተገመተ» የሚለውን ቃል አይተዉት። ግላይሴሚክ ኢንዴክስ በትክክል የሚለካው በሰው ላይ ነው፤ አይኤስኦ 26642 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ቢያንስ 10 ጤናማ ሰዎችን ይጠይቃል፣ ምግቡን ከበሉ በኋላም ደማቸው ለሁለት ሰዓት ይለካል። አሥር የዱቄት ድብልቆች ካሉዎትና ወደዚያ ውድና አድካሚ ፈተና የሚልኩትን ሁለቱን መምረጥ ከፈለጉ፣ ይህ ሙከራ በትክክል የሚያገለግልዎት ለዚህ ነው።